«የውጭው እስኪያልፍ ቻይው»

የወይጦ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ጣና ዳር፣ የፎገራ ሜዳ ሐይቁን በሚነካበት ነው። አባቶቻችን ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕዱን ለየብን። አደኑ ቀርቷል፤ እኛም እንሰግዳለን፣ እንጾማለን፤ ንቀቱ ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። ወረታ ገበያ ላይ ከደንገል የሠራሁትን ቅርጫት ተከራክሮ የሚገዛኝ ሰው፣ ውኃ ስጠይቀው በብርጭቆ አይሰጠኝም፤ መዳፌ ላይ ያፈስልኛል።

ይህን በአደባባይ እናወራዋለን። የማናወራው የቤታችንን ነው። ደንገሉን የማጭደው፣ የምሸከመው፣ የምሠራው እኔ፤ ገንዘቡን የሚይዘው ግን ባለቤቴ ነበር። ለእናቴ ስነግራት፣ «ልጄ፣ የውጭው እስኪያልፍ ቻይው፤ እኛው በእኛው ከተካሰስንማ ሰው ይስቅብናል» አለችኝ። እሷንም እናቷ እንዲሁ ብላታለች።

ዓይኔን የገለጠው የሩዝ ማሳ ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ ፎገራ ገብቶ እየሰፋ ሲሄድ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት ጨፌ ታረሰ፤ ደንገሉም ራቀ። መሬት የለንምና ለአረምና ለአጨዳ የቀን ሥራ ገባሁ። ማታ ሒሳብ ሲከፈል ለእኔ የደረሰኝ ከሌሎቹ ሴቶች ያነሰ፣ ከእኛዎቹ ወንዶችም ያነሰ ነበር። የቱ ለወይጦነቴ፣ የቱ ለሴትነቴ ተቀነሰ? ማን ይለይልኛል? ካልተለየ ደግሞ አንዱን ታግሎ ሌላውን ለነገ ማሳደር የለም።

ከዚያ ወዲህ የቅርጫቴን ዋጋ እኔው እይዛለሁ። ባለቤቴ አኮረፈ፤ ሽማግሌ ላከብኝ፤ አልተመለስኩም። ኋላ ልጄ ተምራ ሕጉን አነበበችልኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰውን በትውልዱም በፆታውም መለየትን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 35 ሴት ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የመቆጣጠር መብት እንዳላት ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ አስወጋጅ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2002 መንግሥታት በትውልዳቸው የሚገለሉ ሴቶችን ድርብርብ በደል እንዲያዩ አሳስቧል። እኔ ማሳው ላይ ያየሁት ተጽፎ ኖሯል።

የገበያ ደንበኞቼ ሆይ፣ ማዕድ መለየትን ለልጆቻችሁ አታውርሱ። የእኛ ወንዶች፣ እናንተም ሚስቶቻችሁ የለፉበትን ገንዘብ ለእጃቸው ተዉላቸው። እኔ ለልጄ «ቻይው» አላልኳትም።