የጣት ጆሮ

ጣት ይሰማል ቢሉኝ ቀድሞ እንደ ጨዋታ ቆጥሬ ባለፍሁት ነበር። ዛሬ ግን መስማት የተሳነው የራሴ ጣት ነውና ነገሩን እንደ ዋዛ አላየውም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ በግዕዝ ፊደል ትምህርት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነበር። እኔም ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ስለነበርሁ፥ የንባብ ወረቀቶችን በኦሊቬቲ መኪና በስቴንስል ላይ እመታ ነበር። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመፍጠር ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ፈተና የፊደላችን ብዛት ነበር፤ መላው ፊደል በአንድ መኪና ሊገባ ስለማይችል ሆሄው በአካልና በቅጥያ ተከፈለ፤ ለአንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ መምታትም ልማድ ሆነ። ሰም የተቀባው ስቴንስል ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ቁልፉ በወጉ ካልተመታ ሰሙ አይቀደድምና በሚባዛው ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። ጣቶቼ የሰለጠኑት በዚህ ነው።

አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ የስኳር ሕመም የጣቶቼን ጫፍ አደንዝዞታል። እናቴ ምድጃ ዳር ትነግረን የነበረውን ተረት በወላይትኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ለመጻፍ ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከቤታችን ልጆች ተረቱን እስከ ፍጻሜው የሚያስታውስ ከእኔ በቀር የቀረ የለም።

በጎማ ላይ የሚረገጠው የኮምፒዩተሬ ቁልፍ ግን ከዳኝ። በአማርኛ «ሰማ» ብዬ ስጽፍ የመጨረሻው አናባቢ ሳይረገጥ ይቀርና «ሰም» ሆኖ አገኘዋለሁ። ወላይትኛው ይብሳል፤ ዛሬ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፥ የሚጠብቀው ተነባቢና የሚረዝመው አናባቢ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ይጻፋል። የቋንቋው ስም እንኳ ያለ ሁለት «ት» አይጻፍም። በግዕዝ ፊደል አንባቢው ራሱ ያጠብቀው የነበረውን አሁን ጸሐፊው በጣቱ መደጋገም አለበት። ሁለቴ የመታሁ ሲመስለኝ አንድ ይወጣል፤ ተጠራጥሬ ስጨምር ሦስት ይሆናል።

የእኅቴ ልጅ ይህን አይቶ ከአዲስ አበባ ሜካኒካል ኪቦርድ አመጣልኝ። በዚህ ዓይነቱ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሞላ አለው። ከሥሩ ያለው የፕላስቲክ እግር ትንሽ ጉብታ አለችው፤ ጉብታዋ የብረቱን ምላስ ገፍታ ስታልፍ ጣት መጀመሪያ እንቢታ፥ ወዲያው ደግሞ መልቀቅ ይሰማዋል። የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ በሚሠራው ዓይነት ቁልፉ በጠቅላላው 4 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ፊደሉ የሚመዘገበው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተከለልኝ ቡናማውን ነበር። ብዙ ሰው ያመሰግነዋል አሉ፤ ለእኔ ግን ጉብታው በሹክሹክታ የሚናገር ሰው ሆነብኝ። ሰማያዊው እየጮኸ ይመታል፤ የጎደለኝ ግን የጆሮ ድምፅ አይደለም፤ ቤተሰቡም ተኝቷል። በመጨረሻ ቁልፎቹን እየነቀለ «ክሊር» የሚባለውን ተከለ። ቡናማው በ55 ሴንቲ ኒውተን ጉልበት ሲረገጥ ይህ 65 ይጠይቃል፤ ጉብታውም የጎላ ነው።

«ጋሼ፥ ይህስ ይሰማዎታል?» አለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ረገጥሁት። የኦሊቬቲውን ክንድ ያህል አይከብድም፤ ግን ይመልሳል።

ትናንት ማታ፥ ዳሞታ ጉም ለብሶ ሳለ፥ የጅቡን ተረት ጀመርሁ። ሁለቱን «ት» አከታትዬ መታሁ፤ ሁለቱም ተሰሙኝ። አሥራ አንድ ተረት ይቀረኛል።