ጉርሻ የተከለከለበት ቤት

ሐሙስ። ከላምበረት መናኸሪያ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ተነሣን። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሚኒባሱ 300 ብር ከፈልኩ። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፈን ሸኖ ስንደርስ ሹፌሩ ቅቤ ለሚገዙ ቆመ፤ እኔም ለጋሼ ልገዛ ወርጄ የደም ግፊታቸው ትዝ ሲለኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጫጫ አካባቢ የታጨደ ገብስ በየማሳው ተከምሯል። የኅዳር ደብረ ብርሃን በፀሐይም ትበርዳለች። ጋቢ ደርቤ በአንኮበር መንገድ በኩል 9 ኪሎ ሜትር ያህል በባጃጅ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

ጋሼን ስትሮክ ከመታቸው 4 ወር ሆኗል። የግፊት ኪኒናቸውን «ተሽሎኛል» ብለው ትተውት ነበር፤ አንድ ጧት ከመኝታ ሲነሡ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። መደብ ላይ እንደተቀመጡ ሲያዩኝ እንባቸው መጣ። ስሜን ሊጠሩ ታግለው የወጣው «እሺ፣ እሺ» ብቻ ነበር። ማታ ባለቤታቸው እትዬ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷቸው፤ እኔም አጎረስኳቸው።

ዓርብ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶት አደረ። ጋሼን ከተማ ወደሚገኘው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ወሰድናቸው፤ ባጃጁ ደርሶ መልስ 400 ብር። በር ላይ ቀኝ ክንዳቸውን ይዤ ስስብ ባለሙያዋ፣ ገና ወጣት ናት፣ «ተው!» ብላ ጮኸችብኝ። የሰነፈ ክንድ ሲጎተት ትከሻው ከመጋጠሚያው ሊወርድ ይችላል፤ የሚያዘው ወገብ ነው። አፈርኩ።

ከዚያ በሁለት እጆቻቸው መካከል መስታወት አቆመች። ቀኙ ከመስታወቱ ጀርባ ተደበቀ፤ ግራውን ሲዘረጉና ሲጨብጡ መስታወቱ ውስጥ ቀኙ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ዘዴውን ራማቻንድራን የተባለ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የጀመረው፣ የተቆረጠ እጃቸው አሁንም ለሚያማቸው ሰዎች እንደነበር ነገረችኝ። የሌለ እጅ እንዴት እንደሚያም፣ መስታወትስ እንዴት እንደሚያስታግሰው ዛሬም በቅጡ አልገባኝም።

«የተጎዳው የግራው አንጎላቸው ነው» አለች። «ቀኝ ጎንን የሚያዘው እሱ ነው፤ በብዙ ሰው ዘንድ ንግግርንም። የሞተው ክፍል አይነሣም፤ የተረፈው ግን በመደጋገም የእሱን ሥራ ይለምዳል።» ወደ እትዬ ዞር ብላ «አባባ የሚበሉት በየትኛው እጃቸው ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ አለሁ አይደል፤ አጎርሳቸዋለሁ» አሉ እትዬ፣ ኮራ ብለው።

«እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጉርሻ የለም። እርስዎ ሲያጎርሷቸው እጃቸው ሥራ ይፈታል።»

እትዬ እስክንመለስ አልተናገሩም።

ቅዳሜ። ባለሙያዋ እንዳሳየችን፣ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ጓሮ አራት የባሕር ዛፍ እንጨት ተክለን ሁለት አጣና በጋሼ ወገብ ልክ አጋድመን አሰርን፤ እንጨቱን የሰጠን ጎረቤት ዋጋ አልቀበልም አለ። ጋሼ አጣናውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ እኔ ከወገባቸው ደግፌ፣ ስምንት እርምጃ ሄዱ። ቀኝ እግራቸው አቧራውን እየጫረ ከኋላ ይከተላል።

ምሳ ቀረበ። በግራ መብላት ለጋሼ ነውር ነው፤ ቀኙን በግራቸው ከአንጓው ደግፈው እንጀራውን ቆረሱ። መጀመሪያ የቆረሱት ጭናቸው ላይ ወደቀ፣ ሁለተኛውም። እትዬ ሊያዩ አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሦስተኛው ግማሹ አፋቸው ደረሰ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ጥቂት ጥቂት፣ ትን እንዳይላቸው። አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ወጡ ቀዘቀዘ።

ማታ ዛሬ ቀኑ ማን ነው ብዬ ብጠይቃቸው «እሺ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ጀመሩ፤ ሳይንተባተቡ፣ የቅዳሜውን። ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ጸሎት ወይም ዜማ ንግግር ሲጠፋ እንደሚተርፍ ባለሙያዋ ነግራኝ ነበር። ቀኑን መጥራት ያልቻሉ ሰው የቀኑን ድርሻ እንዴት እንዳገኙት ግን አላውቅም።

እሑድ። ስሰናበት እትዬ ጉርሻ ጠቅልለው እኔን አጎረሱኝ። ደብረ ብርሃን ደርሼ ከመሳፈሬ በፊት አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ክንዴን ዘረጋሁ፤ በዕድሜዬ ግፊቴን ተለክቼ አላውቅም። 150 በ95 አለ።