የጣዎስ ከተማና የቶማስ ከተማ

በደቡብ ህንድ፥ በቤንጋል ባሕር ዳር፥ ማይላፖር የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ዛሬ የቼናይ አንድ ሠፈር ሆናለች፤ ቼናይም ራሷ በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1996 ድረስ ማድራስ ትባል ነበር። «ማይል» በታሚል ቋንቋ ጣዎስ ማለት ነው። የሂንዱ እምነት ተከታዮች፥ የሚያመልኳት ፓርቫቲ በጣዎስ አምሳል ሆና ለሺቫ የሰገደችው በዚህ ስፍራ ነው ይላሉ፤ የከተማይቱንም ስም ከዚህ ያወጣሉ።

ክርስቲያኖች ደግሞ ሐዋርያው ቶማስ በሰማዕትነት ዐርፎ የተቀበረው በዚሁ ነው ይላሉ። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ማርኮ ፖሎ ስለ መቃብሩ ሲጽፍ፥ ክርስቲያኖችም የእስልምና ተከታዮችም ይሳለሙት እንደ ነበር ይመሰክራል። ሐዋርያውንም የገደለው፥ ጣዎስ ሲያድን የነበረ ሰው በስሕተት የወረወረው ፍላጻ ነው ይላል። የአገሩ ክርስቲያኖች ግን በጦር ተወግቶ ሞተ ይላሉ።

ክርክሩ የበረታው ፖርቱጋሎች ከመጡ በኋላ ነው። እነርሱ በ1523 መቃብሩን ቆፈሩ፤ ስፍራውንም «ሳን ቶሜ» አሉት። ሂንዱዎች፥ በባሕሩ ዳር የነበረው የሺቫ ቤተ መቅደስ በፖርቱጋሎች እጅ ፈረሰ፤ የዛሬው የካፓሌሽዋራር ቤተ መቅደስ ከዚያ በኋላ ከባሕሩ ራቅ ብሎ ተሠራ ይላሉ። በመቃብሩ ላይ ዛሬ የሚታየው የካቶሊኮች ካቴድራል በ1896 የተፈጸመ ነው።

ስለ ዐፅሙም ሌላ ምስክር አለ። ውዳሴ ማርያምን እንደ ደረሰ የምናውቀው ቅዱስ ኤፍሬም፥ የሐዋርያው ዐፅም በነጋዴ እጅ ከህንድ ወደ ኤዴሳ መምጣቱን በ4ኛው መቶ ዓመት በድርሰቱ ተናግሯል። እንግዲህ ፖርቱጋሎች ቆፍረው ያገኙት የማን ዐፅም ነው? ይህ ጥያቄ እስካሁን ያከራክራል።

ሐዋርያው የተገደለበት ነው የሚባለውን ኮረብታ አውሮፓውያን የቅዱስ ቶማስ ተራራ ሲሉት፥ ታሚሎች ፓራንጊ ማላይ ይሉታል። «ፓራንጊ» የእኛው «ፈረንጅ» ነው፤ ትርጓሜው የፈረንጅ ተራራ ይሆናል። አንዱ ወገን ቅዱሱን ባየበት ስፍራ ሌላው ወገን ያየው ባለመርከቡን ባዕድ ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 26 ቀን የሐዋርያውን ዕረፍት ታስባለች። በዚያ ቀን ልጆቻችን ስለ ህንድ ሲጠይቁን የሐዋርያውን ድካም እንንገራቸው፤ ቤተ መቅደሳችን ፈረሰብን የሚሉትን ሰዎች ኀዘንም አንሸሽጋቸው። ቶማስ የጌታን ቍስል ካልዳሰስሁ አላምንም ያለ ሐዋርያ ነው፤ በስሙ የሚጠራ ሁሉ የባልንጀራውን ቍስል አይቶ እንዳላየ ሊያልፍ አይገባውም።