እዚሁ ይቆዩ ወይስ ይሂዱ?

ያኔ መቐለ ውስጥ ሃርት አታክ የያዛቸው ሽማግሌዎች ሆስፒታል የሚመጡት በጨጓራ ስም ነበር። ሌሊት ደረታቸውን ያፈናቸውን ነገር ቤተሰቡ በተልባ ሊያስታግስ ይሞክራል። አልሆን ሲል ጎረቤት ይጠራል፣ ጎረቤትም «ብርድ ነው» ይላል። ሲነጋ ጠበል ይቀድማል። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ረፋድ ሆኖ፣ ላባቸው ደርቆ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነው። ብዙዎቹማ ደረት የሚባል ነገር አያነሡም። በዕድሜ የገፋ ሰው፣ በተለይ ስኳር ካለበት፣ ልቡ ሲጎዳ ሕመሙ ላይሰማው ይችላል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይደክመዋል፣ አንዳንዴም ሰው መለየት ያቅተዋል። «አቦይ ትናንት ደህና ነበሩ፣ ዛሬ ይዘባርቃሉ» እያሉ ነበር ልጆች አባታቸውን ደግፈው የሚያስገቡት።

የማወራው አይደር ሆስፒታል በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው። እኔ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። አስፕሪን እናስኝካለን፣ ኦክስጅን እንሰጣለን፣ ሞርፊን ካለ እንወጋለን፤ ከዚያ በኋላ አልጋ ነው። የልብን ምት የሚመዘግበው የኢሲጂ ወረቀት በቁጠባ ነበር የሚወጣው። ተረኛው ሐኪም አጭሯን ቁራጭ ይዞ ወደ መስኮቱ ይጠጋና ብርሃን ላይ ዘርግቶ ያያታል፣ ከዚያ በፕላስተር ካርዱ ላይ ይለጥፋታል። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ቶሎ ይደበዝዛል። የዚያን ዘመን ካርዶች ዛሬ የሚገልጥ ቢኖር፣ ከብዙዎቹ ላይ የሚያገኘው ፕላስተሩንና ባዶ ወረቀት ሳይሆን አይቀርም።

አንጋፋዋ ሲስተራችን ሕመምተኛ ከአልጋ እንዲወርድ ፈጽሞ አትፈቅድም ነበር። የተማረችው እንደዚያ ነው። ዓለምም ቢሆን ለረጅም ዘመን የልብ ሕመምተኛን ለሳምንታት በጀርባው ሲያስተኛ ኖሯል፤ ሳሙኤል ሌቪን የተባለው የቦስተን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 ሕመምተኞቹን ወንበር ላይ ማስቀመጡን ጽፎ ሲያሳትም እንደ ድፍረት ነበር የታየው። አስፕሪኗን ግን እንዲሁ በርካሽነቷ መናቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ከ17,000 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት፣ እሷ ብቻዋን በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት በልብና በደም ሥር ሕመም የሚሞቱትን በ23 በመቶ ገደማ እንደምትቀንስ አሳይቷል። የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ ሲጨመርባት ደግሞ ውጤቱ ይበልጥ ከፍ ይላል። እሱን እኛ ከመጽሐፍ በስተቀር አላየነውም።

ግሩንትዚግ የተባለው ሐኪም ዙሪክ ውስጥ የጠበበ የልብ ደም ሥር በፊኛ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እኛ ኮሪደር ውስጥ ወሬው የደረሰው «ሽቦ በደም ሥር አስገብተው ልብ ድረስ ይልካሉ» ተብሎ ነው። ለእኛ ሕመምተኞች ግን ነገሩ እስከ አዲስ አበባ መንገድ ይጠይቅ ነበር። አዲስ አበባ ከመቐለ በመኪና ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፤ አላጌን ወጥቶ፣ ደሴ አድሮ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ በሁለተኛው ቀን መድረስ። ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ቢነሡ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ ግን የሕመምተኛው ትኬት አለ፣ የአስታማሚው አለ፣ እዚያም የሚያርፉበት ዘመድ መኖር አለበት። ይህ ሁሉ በሹክሹክታ ተሰልቶ ሲያበቃ ታላቅ ልጅ ብቅ ይልና «በቃ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ያንገላታቸዋል» ይላል። ሐኪሙም ራሱን ይነቀንቃል። ገንዘቡ አለመኖሩን፣ መሣሪያው አለመኖሩን፣ መንገዱ መርዘሙን በዕድሜ ሸፍነን እናልፍ ነበር። ልጆቹን አልወቅስም፤ እንደዚያ ካልተባለ በምን አፍ ወደ አባታቸው አልጋ ይመለሳሉ?

አንዲት አደይ ግን ከአእምሮዬ አይጠፉም። ልጆቻቸው በራቸው ላይ ቆመው ሲከራከሩ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ሐኪሙን በትግርኛ ጠየቁት፤ «ሄጄ ብመለስ፣ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ እደርሳለሁ?» ሐኪሙ መልስ አልነበረውም። እሳቸውም አልሄዱም። አስፕሪናቸውንና የግፊት ክኒናቸውን በመሐረብ ቋጥረው ወጡ፤ ለቀጠሮ ሲመጡም አይቻቸዋለሁ፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ ሁለት ጊዜ እያረፉ።

አይደር ሲከፈት ስፔሻሊስት መጣ፣ ተማሪ መጣ፣ ወግ ያለው ክርክር መጣ። ከዚያ የትግራይ ጦርነት ሆነ። ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ አውሮፕላኑ ቆመ፤ የግፊት ክኒን ራሱ ብርቅ ሆነ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የመንገደኞች በረራ ወደ መቐለ ዳግም ሲጀመር ሁሉም የሚያወራው ስለተቃቀፉት ቤተሰቦች ነበር፤ እኔ ስንቱ ሪፈር እንደተጻፈ ሳይላክ ቀርቷል እያልኩ ነበር የማስበው።

የአደይ ጥያቄ ኋላ ላይ ትልቅ ጥናት ሆኖ አየሁት። ኖርዌይ ውስጥ 457 የ80 ዓመትና ከዚያ በላይ ሕመምተኞችን ያሳተፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ ካቴተር፣ ያ በደም ሥር ልብ ድረስ የሚላከው ሽቦ፣ ከመድኃኒት ብቻ እንደሚሻል አሳየ፤ ጥቅሙ ወደ 90 ዓመት ሲጠጉ እየሳሳ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከብሪታንያ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 1,518 ሰዎች የተካፈሉበት፣ አቅመ ደካሞችን ጭምር ያላገለለ ጥናት ወጣ። ከአራት ዓመት በላይ ተከታትለው፣ በልብ ሕመም የሞቱት ወይም ዳግም ሃርት አታክ የያዛቸው በካቴተሩ ወገን 25.6 በመቶ፣ በመድኃኒቱ ወገን 26.3 በመቶ ሆኑ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ለሞት ያላበቃ ዳግም ሃርት አታክ ብቻውን ሲታይ ግን በካቴተሩ ወገን 11.7፣ በመድኃኒቱ ወገን 15 በመቶ ናቸው።

እነዚህ ሁለት ጥናቶች የሚናገሩት ግን ደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ ስላልተዘጋበት ዓይነት ነው። ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቶሎ መክፈት ለሽማግሌም ይበጃል። ሁለቱን የምትለየውን ቁራጭ ወረቀት ተረኛው ሐኪም መስኮቱ ጋ ይዟት ነበር። ይለያቸውም ነበር። ከዚያ መጥቶ ለሁለቱም አስፕሪን ያዛል።