አስታማሚውን ማን ይጠይቀዋል?

ድውይን መጠየቅና ማስታመም በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ምግባር ነው፤ ነገር ግን አስታማሚውን ማን ይጠይቀዋል? በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌን ሕሙማን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ተቋቋመ፤ ዛሬም ብዙ ዓይነት ሕመም ይታከምበታል። ሌሊቱን ሲተጉ ያደሩ ነርሶች በማለዳ ከዚያ ሲወጡ እናያቸዋለን።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ እጅግ ይከብዳል። በዚያ የተኛው በሽተኛ ብዙ ጊዜ ሕመሙን መናገር ስለማይችል፥ ነርሷ ከትንፋሹና ከፊቱ መልክ ትረዳለታለች። ይህም ዕውቀት በብዙ ዓመት ልምምድ እንጂ በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ድካማቸው እጥፍ ሆነ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ማነስ አቤት ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ።

የዛለች ነርስ ሥራዋን ትታ ስትሄድ በቦታዋ ሌላ ሰው መቅጠር ይቻላል፤ የለመደውን ዓይኗን ግን ይዛው ትሄዳለች። ስለዚህ ሹማምንቱ ደመወዟንና የተራዋን ሰዓት ይመልከቱላት። እኛም ከሌሊት ሥራ የተመለሰችውን እኅት ወይም ሚስት፥ እንግዳ አስተናግጂ ሳንል እናሳርፋት። የእርስዋ ዕረፍት የበሽተኛው ጥበቃ ነውና።