የጃፓን ስፖርት መኪና፦ ከዋጋው በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ

ሰሞኑን ልጆቻችን ስልካቸውን ይዘው እየመጡ «ቶዮታ 86 በርካሽ ተገኝቷል፣ ከካርቱም የወጣ ነው፣ ምን ትላላችሁ?» ይሉናል። እኛም አል-ማንሺያ ስንኖርና በካርቱምና በመተማ መካከል ስንነግድ ያየነውን እንነግራቸዋለን።

መጀመሪያ መሪውን እንይ። ጃፓኖች በመንገዱ ግራ በኩል ስለሚነዱ የመኪናቸው መሪ በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሱዳን ደግሞ በ1973 ወደ ቀኝ መስመር ዞረዋል። ስለዚህ ጃፓን ውስጥ ያገለገለ መኪና መሪው ተነቅሎ ወደ ግራ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ይህንን ለማወቅ የኮፈን መክፈቻው በየትኛው በኩል እንደቀረ እንይ፤ ከክሩስኮቱ ሥር አዲስ ብየዳ ካለም እንፈትሽ። የሻንሲ ቁጥሩም ይናገራል፦ ለጃፓን ገበያ የተሠራው 86 አጭር ቁጥር አለው፣ «ዜድ ኤን 6» ብሎ ይጀምራል። ለውጭ ገበያ በግራ መሪ የተሠራው ግን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። አጭር ቁጥር ያለው መኪና መሪው በግራ ከሆነ ተቀይሯል ማለት ነው። በመሪ ላይ የተሠራ የችኮላ ሥራ ሕይወት ያስከፍላል።

ሁለተኛው የአያያዝ ወጪ ነው። የ86 ሞተር ከፍተኛ ኦክታን ያለው ቤንዚን ይፈልጋል። ማዝዳ አርኤክስ-8 ደግሞ ሞተሩ ሮታሪ ስለሆነ ሲሠራ ዘይት ማቃጠሉ ተፈጥሮው ነው፤ የዘይቱን መጠን ቶሎ ቶሎ የማያይ ሰው ባይገዛው ይሻላል። ሁለቱም ዝቅ ያሉ ናቸው። በኸሪፍ ውሃ የተኛበትን የካርቱም የውስጥ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። የኮሮላ ዕቃ በየሱቁ ይገኛል፤ የእነዚህን ፍሪሲዮን ግን ከውጭ አዝዞ መጠበቅ ሊመጣ ይችላል። የሚዘዋወር የንግድ ገንዘባችንን ወስደን ቆሞ ዕቃ በሚጠብቅ መኪና ላይ ብናስረው፣ ሱቁም መኪናውም አብረው ይቆማሉ።

ሦስተኛውና ዋናው ወረቀቱ ነው። ሱዳን ውስጥ ብዙ መኪና ስሙ ሳይዞር በተውኪል ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ሻጩ አራተኛው ሰው ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን የመጀመሪያው ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከወረቀት አልፏል። ካርቱም ውስጥ ብዙ መኪና ከየደጁ ተዘርፏል። የአል-ማንሺያ ጎረቤቶቻችን መኪናቸውን ቆልፈው ነው የወጡት። ቁልፉ ዛሬም እጃቸው ላይ አለ፤ መኪናው የት እንደደረሰ ግን አያውቁም። እነዚህ ሰዎች በሐዘናችን ቡና ይዘው የመጡ፣ በዒዳቸው ሰሃን ሞልተው የላኩልን ናቸው።

እንግዲህ ርካሽ መኪና ሲቀርብልን «ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «የማን ነው?» እንበል። የሻንሲ ቁጥሩ ከጁምሩክ ወረቀቱና ከሙሩር መዝገቡ ጋር ይመሳከር። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ወይም ሻጩ «ወረቀቱ በጦርነቱ ጠፋ» ብሎ ባለቤቱን በስልክ እንኳ ማገናኘት ካልቻለ እንተወው። በሌላ ሰው እንባ የተገዛ ንብረት በረከት የለውም፤ ባለቤቱ የመጣ ዕለት ደግሞ መኪናውም ገንዘቡም ይሄዳል።

ወደ አገር ቤት አስገባዋለሁ ለሚል ልጃችን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ደላላው «በመተማ እናሳልፈዋለን» ቢል፣ ድንበር ላይ ተይዞ የሚቀረው የደላላው ሳይሆን የእኛ ገንዘብ ነው።

ልጆቻችን ፈጣን መኪና መውደዳቸውን አንነቅፍም። ስንገዛ ግን በስማችን የሚመዘገበውን፣ መካኒክ በሊፍት አንሥቶ ያየውን፣ ጎረቤታችን ፊት አቁመን የማናፍርበትን እንግዛ።