መስታወቱ ይገጠም ወይስ ይቅር?

እኛ ባልና ሚስት ነን። የምንኖረው በአምባሰል፣ ከግሸን አምባ ሥር ነው። አምባው የመስቀል ቅርጽ አለው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከአራቱም ማዕዘን ሕዝብ ይመጣል። አንዳንዱ በመኪና፣ አንዳንዱ በእግሩ። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለ አምባው አይደለም። ስለ አንድ ሞተር ሳይክል ነው። ሞተሩ ላይ የፊት መስታወት ይገጠም ወይስ ይቅር የሚለውን ለመወሰን ሦስት ወር ፈጅቶብናል። እናንተ ቶሎ እንድትወስኑ ብለን ጻፍነው።

በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. አንድ በሬ ሸጥን። ዐረብ አገር ያለችው ልጃችን የላከችውን ጨመርንበት። በገንዘቡ ለታናሽ ወንድሟ የህንድ ሞተር ገዛን። መሬታችን ጠባብ ነው። ለሁለት ቢቆረስ ለማንም አይሆንም። ስለዚህ «በሞተር ሰው እያመላለሰ ይደር» አልን። ልጁም ሥራውን ያዘ። ከሰፈራችን ሐይቅ ከተማ፣ ከሐይቅ ወደ ግሸን ሰው ያደርሳል። ዘይትና ሳሙና ያመጣል። ሌሊት የታመመ ሰው ቢኖር እሱ ነው የሚጠራው።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ልጁ ሳል ያዘው። ትኩሳት ጨመረበት። ደረቱን ወጋው። ከእኛ እናትየው «ነፋስ መታው! ያ ሞተር ልጄን ሊጨርሰው ነው» ብላ አለቀሰች። ጎረቤትም መጥቶ ይኸንኑ አለ። «አብሽሩ፣ መስታወት አድርጉለት። ከደሴ የሚመጡት ሞተሮች ከፊታቸው መስታወት አላቸው። ነፋሱን ይመልሳል» አሉን።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን ልጁን አየችና ቶሎ ጤና ጣቢያ እንድንወስደው ነገረችን። ወሰድነው። የሳንባ ምች ነው ተባለ። መድኃኒት ታዘዘለት። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ጨረሰ፤ ዳነ። ሠራተኛዋ ኋላ ቤታችን መጥታ እንዲህ አለችን።

«እማማ፣ ብርድ ብቻውን የሳንባ ምች አያመጣም። በሽታውን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። በሳልና በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ጭስ የሞላበት የተዘጋ ቤትም ሳንባን ይጎዳል። መስታወት ብትገዙለት ለሌላ ነገር ይጠቅመው ይሆናል። ለዚህ በሽታ ግን መድኃኒት አይደለም።»

እናትየው ነገሩ ቶሎ አልተዋጠላትም። እኛ ስናድግ «ነፋስ መታው» ሲባል ነው የሰማነው። ቢሆንም ያን ቀን የቤታችንን መስኮት ከፍ አድርገን ከፈትን። ስለ መስታወቱ ግን ገና አልወሰንንም።

በታኅሣሥ ሌላ ነገር ሆነ። ጎሕ ሲቀድ ልጁና አባትየው ወደ ሐይቅ ገበያ ወረዱ። አባትየው ከኋላ ተቀምጧል። በመካከላቸው አንድ ቁና ምስር አለ። ውርጭ ነበር። ልጁ ጓንት የለውም። ዓይኑ ከነፋሱ የተነሳ ያነባል። ቁልቁለቱ ላይ፣ መንገዱ ወደ ግራ በሚጠመዘዝበት፣ ፍሬን ሊይዝ ፈለገ። ጣቶቹ ደንዝዘው አልታዘዙትም። ሲይዝ ዘገየ። ሞተሩ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና ከገደሉ አፍ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ምስሩ ፈሰሰ። አባትና ልጅ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተነጋገሩም። ከዚያ ልጁ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ፤ እጄ ከዳኝ» አለ። አባትየውም «እጅህ አልከዳህም፤ እኛ ነን ሳናለብስህ የላክንህ» አለው።

ማታ ቤት ውስጥ ነገሩ ተነሳ። የበግ ሽያጭ 2,400 ብር በእጃችን አለ። ልጁ ዋጋ ጠይቆ መጥቷል። መስታወቱ ከነማስገጠሚያው ያኔ 2,400 ብር ነበር። «ገንዘቡ ልክ ነው፤ ነገውኑ ይገጠም» አለ ልጁ። እውነቱን እንናገር ካላችሁ ጌጥነቱንም ወዶታል። መስታወት ያለው ሞተር ደንበኛ ይስባል ይላል። እናትየውም «ይገጠም» አለች። አባትየው ግን «ቆዩ፤ መጀመሪያ እንወቀው» አለ።

የጎረቤታችን ልጅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። እሷን ጠየቅናት። እንዲህ ስትል አስረዳችን። ሞተር ሲሮጥ አየሩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሞተረኛው አየሩን በደረቱ እየገፋ ያልፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም። አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ 40 ቢሄድ አየሩ አራት ጊዜ ይበረታበታል። 60 ቢሄድ ዘጠኝ ጊዜ። ብርዱም ፍጥነት ሲጨምር ይብሳል። አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆን፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚሄድ ሰው 6 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማዋል። ደግሞም ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የሐይቅ ሰው ጋቢውን ሲጥል የግሸን ሰው የሚደርበው ለዚህ ነው።

ልጅቱ ሌላም ነገር ነገረችን። «መስታወት ይባላል እንጂ የሞተሩ ብዙውን ጊዜ መስታወት አይደለም» አለች። የመኪና የፊት መስታወት ሁለት መስታወት ሆኖ በመካከሉ ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ አለበት። ሲሰበር እንዳይበተን ነው። ነገሩን ያገኘው ቤኔዲክተስ የተባለ የፈረንሳይ ሰው ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. ከእጁ የወደቀ ጠርሙስ ተሰነጠቀ እንጂ አልተበተነም። ውስጡን ያለበሰው የደረቀ ፈሳሽ ስብርባሪውን ይዞት ነበር። የሞተር ሳይክል ግን አብዛኛው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። አንዱ ዓይነት አክሪሊክ ይባላል፤ ሲመታ ይሰበራል። ሌላው ፖሊካርቦኔት ይባላል፤ ይጠነክራል፤ ግን ቤንዚን ሲነካው ይጎዳል። ሁለቱም በአቧራ ይጫጫራሉ። በደረቅ ጨርቅ ሲወለወሉ ይብስባቸዋል። በውኃና በሳሙና ነው የሚታጠቡት።

ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ ልጃችን አንድ ብልሃት አመጣ። ሐይቅ የሚሠራ ጓደኛ አለው። ጓደኛው ከሐይቅ ደሴ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ይመላለሳል። የእሱን ባለመስታወት ሞተር ለሁለት ቀን ተዋሰ።

መጀመሪያ በአስፋልቱ ሄደበት። ደስ አለው። ደረቱ ሞቀ። ጥንዚዛ ፊቱን አልመታውም። ከጭነት መኪና ጎማ የተፈናጠረች ጠጠር መስታወቱን ነክታ ተመለሰች። «እማዬ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ» አላት።

በማግስቱ አስፋልቱን ለቆ ወደ ግሸን ወጣ። ያን ጊዜ መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነበር። ያለፈ መኪና ሁሉ አቧራውን መስታወቱ ላይ ደፋበት። ሲጠርገው ተጫጫረ። ወደ ማታ ፀሐይ ከፊት ስትመጣ ጭረቱ ሁሉ አንጸባረቀ፤ መንገዱ ጠፋበት። ጠጠሩ ሞተሩን ሲያንቀጠቅጠው ሁለት ብሎን ላላ። ከሁሉ የከፋው ግን በዘባኑ ላይ፣ ግራና ቀኙ ገደል በሆነበት ስፍራ ነው የደረሰው። ነፋሱ ከጎን መጣ። ቆርቆሮ ተሸክማችሁ በነፋስ የሄዳችሁ ሰዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ወደ ሄደበት እናንተንም ይዟችሁ ይሄዳል። መስታወቱም እንደዚያ ነው። መሪው ላይ ስለታሰረ ነፋሱ መስታወቱን ሲገፋ መሪውንም አብሮ ገፋው። ልጁ ወርዶ ሞተሩን እየገፋ አለፈ።

ማታ ከደብተር አንድ ወረቀት ገነጠልን። እናትየው በ2009 ዓ.ም. ከጎልማሶች ትምህርት ነው ፊደል የቆጠረችው። እሷ ጻፈች። ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ከፈለችው። ከላይ በአንዱ ወገን «ጥቅም»፣ በሌላው ወገን «ጉዳት» አለች።

ከጥቅም ሥር ይህ ተጻፈ፦
1. ደረትን ከነፋስ ይጋርዳል።
2. ጠጠር፣ ጥንዚዛና ዝናብ ይከላከላል።
3. በረጅም አስፋልት ድካም ይቀንሳል።

ከጉዳት ሥር ደግሞ ይህ ተጻፈ፦
1. የጎን ነፋስ ሞተሩን ይገፋበታል።
2. አቧራ ያጫጭረዋል፤ ፀሐይ ሲመታው አያሳይም።
3. በጠጠር መንገድ ብሎኑ ይላላል።
4. ሞተሩ ከወደቀ ይሰበራል።
5. 2,400 ብሩን ሁሉ ይበላል።

ወረቀቱን ደግመን አነበብነው። አባትየው አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ያን ቀን ገደል ልንገባ የነበረው በምን ምክንያት ነው?» አለ። ልጁ «እጄ ስለ ደነዘዘና ዓይኔ ስላነባ» ብሎ መለሰ። «መስታወቱ እጅህን ያሞቀዋል ወይ?» አለ አባትየው። ልጁ ዝም አለ። የተዋሰው መስታወት እስከ እጁ ድረስ አይሰፋም ነበር።

ያኔ እናትየው ተናገረች። «ልጄ፣ የኔ ሸጋ፣ እኔ ነፋሱን ፈርቼ ነበር። አሁን የምፈራው ገደሉን ነው። ጭንቅላትህን የሚጠብቅ ምን አለህ?» አለችው። ልጁ እስከዚያ ቀን ሻሽ ጠምጥሞ ነበር የሚነዳው። ሄልሜት እንዲደረግ ደንቡ ያዛል። እኛ ግን ሳንገዛለት ቆይተናል። በዚህ አፈርን።

ወዲያው ሒሳብ ሠራን። ፊትን የሚሸፍን የዓይን መከለያ ያለው ሄልሜት ያኔ 1,000 ብር ነበር። አንድ ለእሱ፣ አንድ ከኋላ ለሚቀመጠው፣ 2,000 ብር። ወፍራም ጓንት 250 ብር። በድምሩ 2,250 ብር። ከ2,400 ብር ላይ 150 ብር ተረፈ። በእሱ ቤንዚን ተሞላ። ልጁ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ጌጡ ቀረበት። «ሰው ይስቅብኛል» አለ። ሳቁበትም፤ እሱ ግን አላወለቀውም።

የሄልሜቱ መከለያ ነፋስና ጠጠር ይመልሳል። ራስ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ትንሽ ስለሆነና መሪው ላይ ስላልታሰረ የጎን ነፋስ መሪውን አይጠመዝዝበትም። ቢጫጫር መለወጫው ብዙ ብር አይጠይቅም። ለእጁ ደግሞ ከአሮጌ ቢጫ ጀሪካን ሁለት ቁራጭ ቆርጠን፣ ጫፉን በእሳት አለስልሰን፣ ከመሪው ፊት አሰርንለት። ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን እንዳይነካ እጁን ዘርግቶ አጥፎ ሞከረው። ነፋሱ ጓንቱን በቀጥታ መምታት ተወ።

ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። ዝናብ ሲመጣ ልጁ እስከ ጉልበቱ ይበሰብሳል። የላስቲክ ካፖርት ለብሶም ይበሰብሳል። ይህን ልንደብቃችሁ አንፈልግም። ነገር ግን በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ጭቃ አንሸራቶት ወደቀ። የሄልሜቱ ጎን ከድንጋይ ጋር ተፋቀ። ልጁ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። የፍቀቱ ምልክት እስከ ዛሬ አለ። እናትየው ባየችው ቁጥር በጣቷ ትዳስሰዋለች።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለግሸን በዓል ብዙ ሰው አመላለሰ። ከኋላው የሚቀመጡትን «እባክዎ እማማ፣ ይህን ያድርጉ» እያለ ሁለተኛውን ሄልሜት ያጠልቅላቸዋል። አንዳንዶቹ በነጠላው ላይ ሲደፉት ይስቃሉ። ቢሆንም ያደርጋሉ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ «መስታወት መጥፎ ነው» ያልን ይመስላችኋል። አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ልጁ ሥራውን ወደ ሐይቅና ደሴ አስፋልት አዞረ። ያን ጊዜ ከራሱ ገንዘብ አጭር መስታወት ገዛ። እኛም አልተቆጣንም። የላይኛው ጠርዝ ከአፍንጫው እኩል እንዲሆን አድርጎ አስገጠመው። ዓይኑ በመስታወቱ ውስጥ አያይም፤ ከበላዩ ነው የሚያየው። ቢጫጫር ወይም ጉም ቢለብስ መንገዱ አይጠፋውም። ብሎኑንም በየሳምንቱ ያጠብቃል። ነፋስ ሲበረታ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሄልሜቱን ግን ዛሬም አላወለቀም። መንገዱ ሲለወጥ መልሱም ተለወጠ።

እናንተም ለሞተር፣ ለጋሪ ወይም ለውኃ ፓምፕ ዕቃ ልትገዙ ስትነሱ አንድ ወረቀት ውሰዱ። በመስመር ክፈሉት። ጥቅሙን በአንድ ወገን፣ ጉዳቱን በሌላው ወገን ጻፉ። ከቻላችሁ ዕቃውን ተውሳችሁ በራሳችሁ መንገድ ላይ ሞክሩት። የሌላው ሰው መንገድ አስፋልት ሊሆን ይችላል። የእኛ ወረቀት አሁንም ከምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ጭስ አጥቁሮታል፤ ግን ይነበባል።